ቪትዝህ ውሃ ጠጥታለች፤ ሞተር ከመግዛትህ በፊት ሦስት ቁጥር ለካ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «መኪናዬ 2007 ሞዴል ቪትዝ ናት፤ 1000 ሲሲ፣ አውቶማቲክ። ባለፈው ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ ዝናቡ የመካኒሳን መንገድ ወንዝ አድርጎት ነበር። ከፊቴ ሚኒባስ ሲያልፍ አየሁና ተከተልኩት። መሃል ስደርስ ሞተሩ ተንተባተበና ጠፋ። ሦስት ጊዜ ቁልፍ ባዞር ‹ጠቅ› ብቻ። በገመድ አስጎትቼ ሰፈር ያለ ጋራዥ አስገባኋት። በማግስቱ ካንዴላ ፈተው ውሃውን አስተፏት፤ ተነሳች። ግን ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ የሞተር መብራቷ በርቷል፣ ዘይቷ ደግሞ ማኪያቶ መስሏል። መካኒኩ ሞተሩ አብቅቶለታል፣ ሌላ እንግዛ ይለኛል። እውነቱን ነው?»

ወንድሜ፣ እንኳን አንተ ተረፍክ፤ ብረት ይተካል። ይህን ስታነብ መኪናዋ ተነስታ ከሆነ ግን አሁኑኑ ሂድና አጥፋት። «ትንሽ ትሙቅ፣ ይደርቃል» የሚል አይጠፋም፤ አትስማው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ሞተር ማስነሳት ብሮንዚናውን፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበትን ስስ ብረት፣ በገዛ እጅህ ማስፈጨት ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ መካኒኩ ዋሸህ አልልም። ልክም ሊሆን ይችላል። ግን ከነገርከኝ ምልክቶች ውስጥ ሞተሩ ማብቃቱን የሚያረጋግጥ አንድም የለም። መንቀጥቀጡም፣ ጭሱም፣ መብራቱም፣ ዘይቱም በርካሽ ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ፤ በውድ ምክንያትም እንደዚያው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ተለክቶ ነው፣ እስካሁን ደግሞ ማንም ምንም አልለካም። ሞተር በጆሮ ብቻ ተሰምቶ «ይቀየር» ሲባል ደሜ ይፈላል፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ ልንገርህ፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ። ሞተር አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ይተፋል። አየር ሲጫኑት ይጠባል። ውሃ አይጠብም። ያንተ ሞተር ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፤ ለአንዱ ሲሊንደር 332 ሲሲ ገደማ ይደርሰዋል። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ያ ሁሉ አየር የሚታመቅባት ቦታ 35 ሲሲ ብትሆን ነው። 35 ሲሲ የጀበና ቡና ሲኒ ግማሽ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ውሃ ከገባ ፒስተኑ መሄጃ የለውም። መኪናዋ በፍጥነቷ ከታች ትገፋለች፣ ሌሎቹ ሲሊንደሮችም ይገፋሉ፣ ውሃው ከላይ እምቢ ይላል። መሃል ላይ የተያዘው ቢየላው ነው፤ ፒስተኑን ከታችኛው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ። እሱ ይጎብጣል። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ሲዞር አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 16 ጊዜ ይስባል፣ ስለዚህ ግማሽ ሲኒ ውሃ ለመጠጣት ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይፈጅበትም።

ሚኒባሱን አይተህ መግባትህ የተለመደ ስህተት ነው። ሚኒባስ ካንተ መኪና ቁመት አለው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሲሄድ ውሃውን እየገፋ ነው፤ የገፋው ማዕበል ተመልሶ ወዳንተ ይመጣል። ከፊት ለፊት ሌላ መኪና ከመጣማ ኮፈንህ ላይ ይወጣል። ቆሞ ሲታይ ጉልበት የማይደርስ ውሃ በዚህ ዓይነት አየር መሳቢያው አፍ ላይ ይደርሳል።

አሁን ከታሪክህ ውስጥ የወደድኩትን ልንገርህ። «ተንተባተበና ጠፋ» ብለሃል። ቢየላ የሚጎብጥበት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አይንተባተብም፤ እየሄደ «ድም» ብሎ ግድግዳ እንደመታ ነው የሚቆመው። መንተባተብ ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ሲረጥብ ወይም የአየር ፊልትሮው ውሃ ጠጥቶ አየር ሲያሳጥር የሚመጣ ነው፣ እና ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው። ይህ ተስፋ ይሰጣል። ተስፋ ነው እንጂ ማስረጃ ግን አይደለም።

ያልወደድኩት ሦስቱን የቁልፍ ሙከራ ነው። ሞተሪኖው ብቻውን ብዙ ጊዜ ቢየላ የማጉበጥ አቅም የለውም፤ ጠቅ ብሎ ይቀራል። ክፉው ነገር አንደኛው ሲሊንደር ደርቆ ሁለተኛው ውሃ ይዞ ሳለ ነው። የደረቀው ድንገት እሳት ይይዝና ውሃ የያዘውን በሙሉ ጉልበቱ ይገፋዋል። አንተ ጋ ጠቅ ብቻ ስላለ ይህ የደረሰ አይመስለኝም። በገመድ መጎተቱንም አልወደድኩትም፤ አውቶማቲክ መኪና፣ ያውም የፊት ጎማዋ የሚነዳ፣ የፊት ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ አይጎተትም። ሰፈር ድረስ ከሆነ ብዙ አልጎዳትም እንበል።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ዛሬ ከጋራዡ ጋር ሆነህ እንድታሠራው ነው የምጽፍልህ። አጠገባቸው ቁም። ጥሩ መካኒክ ደንበኛ አጠገቡ ቢቆም አይከፋውም።

መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ። ከዚያ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ይከፈት። ወረቀቱ እንደረጠበ እገምታለሁ፤ እሱን ጥለህ አዲስ ግዛ። እኔ የምፈልገው ከሳጥኑ ወደ ስሮትል (አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው በር) የሚሄደውን ቱቦ ነው። ጣትህን አስገብተህ ውስጡን አብስና ጣትህን እይ። ውሃ ብቻ ከሆነ ደህና። ደቃቅ አሸዋ እና ጭቃ ጣትህ ላይ ካለ ግን ያ ነገር ወደ ሲሊንደሩም ሄዷል፣ ግድግዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ያኔ ነገሩ ከቢየላ አልፎ ሌላ ጉዳይ ይሆናል። የክረምት ጎርፍ ንጹህ ውሃ እንዳልሆነ ታውቃለህ፣ የቦዩን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ ዘይት። መኪናዋ ከትናንት ጀምሮ ካልተነሳች በጣም ጥሩ፤ ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ኮፓው (የሞተሩ ዘይት መያዣ) ታች ተኝቶ ይጠብቅሃል። መፍሰሻው ቡሎን ቀስ ብሎ ይላላ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበል። ጥርት ያለ ወይም ቡናማ ውሃ ብቻውን ከቀደመ ብዙ ገብቷል ማለት ነው። ሁሉም ማኪያቶ ሆኖ ከወጣ ተደባልቋል፤ ጠርሙሱን አንድ ሌሊት ብታቆመው ውሃው ምን ያህል እንደሆነ ከታች ይለይልሃል። የትም አትድፋው፣ ቀኑን ጽፈህ አስቀምጠው፤ ከሁለተኛው የዘይት ቅያሬ ጋር ታነጻጽረዋለህ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይፈጠራል። ዘይት ማኪያቶ ሲመስል ብዙ መካኒክ አፉ ላይ የሚመጣው «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ነው፤ በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ ማለታቸው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ልክ ነው። ያንተ መኪና ግን ጎርፍ ውስጥ ቆማ ነበር። ውሃው በፒስተኖቹ ዙሪያ ሾልኮ ይወርዳል፣ በዘይት መለኪያው ቱቦ ይገባል፣ የጋለ ሞተር ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካውም ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ ቴስታታ ከማስወረድህ በፊት የራዲያተሩን ውሃ እይ። ልኩ ካልቀነሰ፣ ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ዘይት ካልተንሳፈፈበት ጓርኒሲዮኑን ለጊዜው ተወው።

ዘይቱ ከወጣ በኋላ ርካሽ ግን ትክክለኛ ውፍረት ያለው ዘይትና አዲስ የዘይት ፊልትሮ ይግባ። ገና አታስነሳ። እና እባክህ «ናፍጣ ጨምረን ትንሽ አዙረን እናጥበው» ካሉህ እምቢ በል። ናፍጣ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ቀድሞ ውሃ የተነካውን ብሮንዚና ያለ ሽፋን ታስሮጠዋለህ። ሞተርን የሚያጥበው ሌላ ዘይት ነው፦ ሞልተህ፣ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ አሙቀህ፣ አፍስሰህ፣ እንደገና ሞልተህ። ማኪያቶው እስኪጠፋ ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ። ይህን የምታደርገው ግን ቀጥዬ የምልህን ከለካህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ካንዴላዎቹ። ከመፈታታቸው በፊት ኮይሎቹ ይነቀሉና ጉድጓዶቹ በኮምፕረሰር አየር ይነፉ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለ አሸዋ ካንዴላው ሲፈታ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ብቻውን መንቀጥቀጥህን ሊያመጣ ይችላል። ብልጭታው በካንዴላው ጫፍ መዝለል ሲገባው በረጠበው ጎማ በኩል ያመልጣል፣ አንዱ ሲሊንደር ይሞታል፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ በሁለት ሲቀር እንደ ወፍጮ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሰው ሞተር ሊገዛ ተዘጋጅቶ ችግሩ ሁለት ማንኪያ የጉድጓድ ውሃ ሆኖ አይቻለሁ።

ውሃውን ሲያስተፉ ከሦስቱ ከየትኛው እንደወጣ ጠይቃቸው። ሦስቱም ነበሩ ወይስ አንዱ? የሚያስታውሱ ከሆነ ያ ሲሊንደር ዋናው ተጠርጣሪ ነው።

ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳለ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉበት። እርጥብ የሲሊንደር ግድግዳ ዝገት ለመያዝ ብዙ ቀን አይጠብቅም፣ ያንተ ከሐሙስ ጀምሮ ነው። ከዚያ የቀኝ የፊት ጎማ ወጥቶ፣ ክራንክ ፑሌጃው (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ቀበቶውን የሚያዞረው ክብ ብረት) ቡሎን ላይ መፍቻ ገብቶ ሞተሩ በእጅ ይዙር፤ በሰዓት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር። በእጅ ነው ያልኩህ። እጅ የሚሰማውን ሞተሪኖ አይሰማም። አንድ ቦታ ላይ ከጠነከረ፣ ወይም ከታች ብረት ብረትን የሚነካ «ቀጭ» የሚል ነገር ካለ አቁሙ። ቢየላ ክፉኛ ሲያጥር የፒስተኑ ቀሚስ ታች ሲወርድ የክራንክሻፍቱን ክብደት ሊነካ ይችላል፤ ያ ድምፅ እሱ ነው። እዚያ ላይ ምርመራው አለቀ፣ ሞተሩ ይከፈታል።

በደንብ ከዞረ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ ይለካ። የኢንጀክተሮቹና የኮይሎቹ ሶኬት ተነቅሎ፣ ሦስቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ባትሪው ሞልቶና ኔጋቲቩ ተመልሶ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ። መጀመሪያ ሞተሪኖው ሲመታ ማንም ጉድጓዶቹ ላይ አያጎንብስ፣ የቀረ ውሃና የጨመራችሁት ዘይት እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ደግሞ ዘይቱ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያችኋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ይትፋውና ከዚያ ለኩ።

ቁጥሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ፣ በዚህ የተነሳ ስንት ደህና ሞተር «ሞቷል» እንደተባለ እኔ ነኝ የማውቀው። መጽሐፉ ላይ ያለው የኮምፕሬሽን ልክ ለባህር ጠለል ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ ቀጭን አየር ስቦ ቀጭን አየር ያምቃል። መጽሐፉ 13 ባር የሚልበት ሞተር እዚህ 10 ባር ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ስለዚህ «ከልኩ በታች ነው» ከመባሉ በፊት ሦስቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ይተያዩ። 10፣ 10፣ 9.8 ከሆነ ሂድ ሻይ ጠጣ። 10፣ 10፣ 7 ከሆነ ሦስተኛው ላይ ችግር አለ። ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ስትለኩት ቁጥሩ ከዘለለ ሪንጉ (ፒስተኑን ከግድግዳው ጋር የሚያሽገው ቀለበት) ነው፤ ካልተነቃነቀ ወይ ቫልቩ አልገጠመም ወይ ቢየላው አጥሯል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው። ኮምፕሬሽን መልካም ስለሆነ ብቻ ቢየላው ቀጥ ያለ ነው ማለት አይደለም። ባንተ ሞተር ላይ አስልቼዋለሁ። የሲሊንደሩ ወርድ 71 ሚሊሜትር ነው፤ ቢየላው 1 ሚሊሜትር ቢያጥር ያቺ 35 ሲሲ ወደ 39 ትሰፋለች። ኮምፕሬሽኑ የሚወርደው በአንድ ባር ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ቢያጥር ግማሽ ባር። ግማሽ ባር ደግሞ ሰፈር ውስጥ ባለ ጌጅ፣ በደከመ ባትሪ፣ በቀላሉ ይጠፋብሃል። የጎበጠ ቢየላ ግን ግማሽም ሆነ አንድ ሚሊሜትር ያው የጎበጠ ነው። ይሠራል፣ ይሠራል፣ ይሠራል፣ አንድ ቀን ይሰበራል።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ጀማሪ ሳለሁ በምሠራበት ጋራዥ ጎርፍ የጠጣ የናፍጣ ሚኒባስ መጣ። ናፍጣ ከቤንዚን የባሰ ነው፣ የሚያምቀው እጥፍ ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍ ላይ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው። ኢንጀክተሮቹን አወጣን፣ ሞተሪኖ መታን፣ ውሃው ጣሪያ ነካ፣ መለስን፣ ተነሳ። ሁላችንም አጨበጨብን። ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እጄ ላይ ተሰምቶኛል፤ ለማስተሩ ግን አልተናገርኩም፣ ማን ይሰማኛል ብዬ። ባለቤቱም ቀን እንዳይውልበት ይቸኩል ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጎትቶ ተመለሰ። ቢየላው ተሰብሮ ብሎኩን በጎኑ በስቶት ወጥቷል፤ እጄን በቀዳዳው አስገብቼ ክራንክሻፍቱን መንካት እችል ነበር። የተረፉትን ቢየላዎች አውጥተን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ስናጋድማቸው አንዱ እንደ ቀስት ጎብጦ በስሩ ብርሃን ያሳልፋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ የጠጣ ሞተር ሳልለካ መልሼ አላውቅም።

ልኬቱ ደግሞ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ዳያል ጌጅ (የሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ሰዓት መሰል መሣሪያ) ካላቸው በጣም ጥሩ። ከሌላቸው የእናትህን የሹራብ መሥሪያ ዘንግ ተዋስ፤ የአሉሚኒየሙን፣ ቀጭኑንና ረጅሙን። እንጨት ወይም ስንጥር አታስገባ፣ ውስጥ ይሰበራል። የመጀመሪያው ሲሊንደር ካንዴላ ቀዳዳ ውስጥ ቀስ ብለህ አውርደው ፒስተኑ አናት ላይ ይረፍ። አንድ ሰው ፑሌጃውን በመፍቻ ቀስ እያለ ያዙር። ዘንጉ ከፍ ይላል፣ ከፍ ይላል፣ ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። የቆመበት ጫፍ ነው የምትፈልገው። እዚያ ላይ ከቀዳዳው አፍ በላይ የቀረውን በካሊፐር ለካ፣ ጻፍ። ሦስት ጊዜ ደጋግመህ አንድ ዓይነት ቁጥር እስኪመጣ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ በተመሳሳይ ዘንግ፣ በተመሳሳይ አያያዝ፣ ዘንጉ ሳይዘም። ዘንጉ ውስጥ እያለ ደግሞ ማንም ሞተሪኖ እንዳይነካ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈትቶ ቢሆን ይሻላል።

በመሃላቸው ያለው ልዩነት 0.2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የእጅህ ስህተት ነው፣ እርሳው። አንደኛው ከሌሎቹ በ0.5 ሚሊሜትር ወይም በበለጠ ዝቅ ካለ ቢየላው ጎብጧል፤ የፈለገውን ያህል ቆንጆ ድምፅ ቢኖረው። በመሃል ከሆነ በዳያል ጌጅ እንደገና ይለካ። ስልክ ላይ የምትሰካ ቀጭን ካሜራ ካገኛችሁ ደግሞ ማረጋገጫ ትሆናለች፦ የሲሊንደሩ ግድግዳ አናት ላይ ፒስተኑ የማይደርስበት የጥላሸት ቀለበት አለ። አንዱ ሲሊንደር ላይ ቀለበቱ ከሌሎቹ በታች አዲስ መስመር ከጀመረ ፒስተኑ ድሮ ይደርስበት የነበረው ቦታ መድረስ አቁሟል።

እንግዲህ ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ሞተር አትገዛም። አዲስ ካንዴላ፣ የደረቁ ኮይሎች፣ አዲስ የአየር ፊልትሮ፣ የተቀየረ ዘይት፣ ከዚያ አስነሳ። መንቀጥቀጡ ካልጠፋ የሞተሩን መብራት በኮድ ማንበቢያ አስነብበው። ፒ0301፣ ፒ0302፣ ፒ0303 ካለህ የመጨረሻው ቁጥር ማቃጠል ያቆመውን ሲሊንደር ይነግርሃል። የዚያን ሲሊንደር ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይረህ እንደገና አስነብብ፤ ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይል ግዛ፣ ባለበት ከቀረ ሌላ ነገር ፈልግ። ቱቦው ላይ አየር የሚለካ ሴንሰር ካለ ውሃና ጭቃ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ማጽጃ ስፕሬይ እንጂ በጨርቅ አይነካ።

ስለ ነጩ ጭስ ብዙ አትጨነቅ። ማርሚታው ውስጥ ውሃ ተኝቷል፣ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ 20 ደቂቃ ከሠራ በኋላ እየቀነሰ ከሄደ እሱ ነበር። ካልቀነሰና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከመጣ ያኔ ወደ ጓርኒሲዮኑ እንመለሳለን። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ግን ግሎ ሳለ ውሃ ነክቶት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ መብራቱ በእሱም ሊሆን ይችላል።

ካምቢዮውን ማንም አላነሳልህም፣ እኔ ላንሳው። ካምቢዮ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው፣ ጋል ብሎ ውሃ ውስጥ ሲገባ በዚያ ይስባል። የጃፓኑ 1000 ሲሲ ቪትዝ በብዛት ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ) ነው። ዘይቱን አይተህ የእንጆሪ ጁስ ከመሰለ ሳትነዳት ይቀየር፣ ሲቪቲ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት ሞልተውልህ ከሞተሩ ተርፈህ በካምቢዮ እንዳትታረድ። ሞተሪኖውና ዲናሞው ወጥተው ይጽዱ፣ ጭቃ ይዘው ከደረቁ ብዙ ሳይቆዩ ሊቆሙ ይችላሉ። ወለሉ ረጥቦ ከሆነ ምንጣፉ ተነስቶ ይድረቅ፤ በስሩ የሚሄዱት የሽቦ ሶኬቶች አረንጓዴ ካወጡ ለዓመት የሚያስለፋህ የኤሌክትሪክ ጣጣ ይጀምራል።

አንዱ ዝቅ ካለስ? ያኔ ሞተሩ ይከፈታል፣ መካኒክህም ግማሽ ልክ ነበር ማለት ነው። ግማሽ ያልኩት አንድ ቢየላ ስለጎበጠ ሙሉ ሞተር መግዛት ግዴታ ስላልሆነ ነው። ቴስታታው ይወርዳል፣ ኮፓው ይወርዳል፣ የተጎዳው ቢየላ ከነፒስተኑ ይወጣል። ግድግዳው ያልተፋቀ ከሆነ፣ ክራንክሻፍቱ ቶርኖ ቤት ተለክቶ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ደህና ቢየላ፣ ፒስተን፣ ሪንግ፣ ብሮንዚናና አዲስ ጓርኒሲዮን ይበቃሉ። ቡሎኖቹ በቶርክ መፍቻ ይጠበቁ፣ «እጄ ያውቀዋል» የሚል ካለ ሌላ ጋራዥ ሂድ። የቢየላ ኮፍያ ከራሱ ቢየላ ጋር ነው የሚሄደው፣ ከሌላ አይቀላቀልም። አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ፦ «ፕሬስ ላይ እናቀናዋለን» ካሉህ እምቢ በል። አንዴ የጎበጠ ብረት ቢቀናም የድሮው አይደለም። ያቺን የሚኒባስ ቀዳዳ አስብ።

ግድግዳውም ክራንክሻፍቱም ከተጎዱ ያገለገለ ሞተር መግዛቱ ይቀልልሃል። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለውን እያደሰ ስለሆነ ሶማሌ ተራ ስትሄድ ተደራድረህ እንጂ ሮጠህ አትግዛ። ሻጩ «ጃፓን የነዳው» ይልሃል። አንተ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና ከስሩ እይ፤ ማኪያቶ ካለ እሱም ጎርፍ ጠጥቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ካንዴላ አስፈትተህ በዚያችው የሹራብ ዘንግ ለካው፣ ይስቁብህ። ሊብሬህ ላይ ደግሞ የሞተር ቁጥር አለ፤ ሞተር ከቀየርክ የግዢ ደረሰኝህን ይዘህ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ካላስመዘገብክ መኪናዋን የምትሸጥ ቀን ትቸገራለህ።

ኢንሹራንስህ ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ የራስህን መኪና አይከፍልልህም። ሙሉ ዋስትና ካለህ ግን ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት ደውልላቸውና መርማሪያቸው መጥቶ ይይ። ፊልትሮውን፣ ዘይቱን፣ የውሃውን ምልክት በሩ ላይ የደረሰበትን ፎቶ አንሳ። ተከፍቶ ከቆያቸው «በጎርፉ ነው ወይስ በመካኒኩ?» የሚል ክርክር ውስጥ ትገባለህ፣ ውሉ ላይ ስለ ጎርፍ የተጻፈውንም ቀድመህ አንብብ።

ለመካኒክህ ይህን ስታሳየው በወንድምነት አሳየው እንጂ «እዚህ እንዲህ ተብሏል» ብለህ አትክሰሰው፤ ዘይቱን አይቶ ነው የፈራው፣ መፍራቱ ደግሞ ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት ሦስቱን ለክታችሁ ጻፍልኝ፦ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን፣ የዘንጉን ቁመት በሚሊሜትር፣ ውሃው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ። የሃይላንዱን ፎቶም ጨምርበት።